የፕሮስቴት ካንሰር፦ "እርጅና ነው" ተብሎ የሚታለፈው

ዛሬ የምጽፈው 50 ዓመት ያለፈው አባት፣ አጎት ወይም ባል ላላችሁ ሁሉ ነው። "ሌሊት ሦስት አራቴ ሽንት ያስነሳኛል" ሲሉ "እርጅና ነው" ብላችሁ አትለፉት።

✅ ፕሮስቴት ምንድን ነው?
ከሽንት ፊኛ ሥር ሆኖ የሽንት ቧንቧን የከበበ፣ ትንሽ ሎሚ የሚያህል የወንዶች ዕጢ ነው። የዘር ፈሳሽን በከፊል ያመነጫል።

✅ ዕጢው ካደገ ካንሰር ነው?
የግድ አይደለም። ዕድሜ ሲገፋ ካንሰር ሳይሆንም ያድጋል፤ ሽንት የሚቆራረጠው ወይም የሚቀጥነው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ካንሰሩ ግን መጀመሪያ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ምንም ምልክት የለውም። አባቱ ወይም ወንድሙ የታመመበት ሰው ይበልጥ ተጋላጭ ስለሆነ ቀደም ብሎ ሐኪም ቢያማክር ይመረጣል።

✅ ምርመራው
ፒኤስኤ የሚባል የደም ምርመራ እና በፊንጢጣ በኩል በጣት የሚደረግ ምርመራ አለ። ብዙ አባቶች ሁለተኛውን ያፍሩበታል፤ ግን አንድ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም። ፒኤስኤ በኢንፌክሽንም ከፍ ሊል ስለሚችል ውጤቱን አይታችሁ አትደናገጡ። ካንሰር መሆኑ የሚረጋገጠው ከዕጢው ናሙና ተወስዶ ሲታይ ነው።

✅ ሕክምናው
👉 ቀስ ብሎ የሚያድግ ከሆነ፦ በቅርብ ክትትል ብቻ ሊቆይ ይችላል።
👉 ከዕጢው ካልወጣ፦ ቀዶ ሕክምና ወይም ጨረር። ሽንት ማምለጥና የወሲብ ድክመት ሊያስከትሉ ስለሚችሉ አስቀድማችሁ ጠይቁ።
👉 ከተሰራጨ፦ ካንሰሩ የሚያድገው በወንዴ ሆርሞን ስለሆነ ሆርሞኑን እናወርዳለን፤ ወይ በየጊዜው በሚወሰድ መርፌ፣ ወይ የዘር ፍሬን በቀዶ ሕክምና በማውጣት። እንደ ሁኔታው ኬሞቴራፒ ይጨመራል።

የዘር ፍሬ ማውጣትን ሳነሳ "ከምሰለብስ ሞቴ" የሚሉኝ አባቶች አሉ። ስሜታቸው ይገባኛል። ነገር ግን አንዴ ተሠርቶ የሚያልቅ ነው፤ መርፌው ለሚወደድበት ወይም ለሚጠፋበት ቤተሰብ ትልቅ እፎይታ ነው። ከሥር ባይነቅለውም ብዙዎች ላይ በሽታውን ለረጅም ጊዜ ይይዘዋል፣ የአጥንት ሕመሙንም ያስታግሳል።

🚨 ሽንት ጭራሽ እምቢ ካለ፣ ወይም የጀርባ ሕመም ኖሮ እግር ከደነዘዘ ወይም ከዛለ፣ ነገ አትበሉ፤ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው። የተሰራጨ ካንሰር ሕብለ ሰረሰርን ሲጫን ሰዓታት ዋጋ አላቸው።

አባቶቻችን ሳይጠየቁ አይናገሩም፤ ስለዚህ ዛሬ ማታ ደውላችሁ ጠይቋቸው። ለሌሎችም ሼር አድርጉ። መልካም ጤና!