ከባድ የልብ ጡንቻ ብግነት እንዴት ይታከማል?

የልብ ጡንቻ ብግነት ወይም ማዮካርዳይተስ ብዙ ጊዜ የሚነሳው በቫይረስ ምክንያት ነው። ጉንፋን ወይም ተቅማጥ ይዞዎት ከነበረ በኋላ ደረትዎን ካመመዎት፣ በጀርባዎ ሲተኙ ትንፋሽ ካጠረዎት፣ ልብዎ ያለ ሥርዓት ከመታ ወይም ራስዎን ከሳቱ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ከባዱ ዓይነት በሰዓታት ውስጥ ሊብስ ይችላል።

ብዙ ታካሚዎች «ቫይረስ ከሆነ ለምን ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት አይሰጠኝም?» ብለው ይጠይቃሉ። ልብን ከሚጎዱት ቫይረሶች ለአብዛኞቹ የተረጋገጠ መድኃኒት የለም። ጉዳቱንም የሚያደርሰው ቫይረሱ ብቻ ሳይሆን ሰውነት እሱን ለመከላከል የሚያደርገው ትግል ጭምር ነው። ስለዚህ የሕክምናው ዋና ሥራ ብግነቱ እስኪበርድ ልብን ደግፎ ማቆየት ነው።

ይህም በፅኑ ሕሙማን ክፍል ይከናወናል። ኦክስጅን ይሰጣል፤ በሳንባ የተጠራቀመውን ፈሳሽ ለመቀነስ እንደ ፍሮሴማይድ ያለ የሚያሸና መድኃኒት ይታዘዛል፤ የደም ግፊት ከወረደ ደግሞ የልብን ጉልበት የሚጨምር መድኃኒት በደም ሥር ይገባል። ይህ ካልበቃ ኤክሞ የተባለው መሣሪያ ደሙን ከሰውነት አውጥቶ፣ ኦክስጅን ጨምሮ ይመልሳል፤ የልብንና የሳንባን ሥራ ለቀናት ይሸከማል። በየሆስፒታሉ የሚገኝ መሣሪያ ስላልሆነ፣ ሐኪሙ ሪፈር ከጻፈ ቤተሰብ ጊዜ ማጥፋት የለበትም። ሊቆም የደረሰ ልብ እንኳ ይህን ጊዜ ካለፈ በደንብ ሊያገግም ይችላል።

ስቴሮይድስ? በአሜሪካ በ111 ታካሚዎች ላይ ተደርጎ በ1995 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ የሰውነትን መከላከያ የሚያበርዱ መድኃኒቶችን ለሁሉም መስጠት እንደማይጠቅም አሳይቷል። ጃያንት ሴል በሚባለው አደገኛ ዓይነት፣ ወይም ብግነቱ በአንዳንድ የካንሰር ኢሚዩኖቴራፒ መድኃኒቶች ሲመጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ እዚህ ላይ ፈጥኖ መጀመር ወሳኝ ነው። ዓይነቱን በእርግጠኝነት የሚለየው ከልብ ጡንቻ የሚወሰድ ትንሽ ናሙና ነው። ሕመሙ ከጠና ግን ሐኪሙ ውጤቱን ሳይጠብቅ ሊጀምር ይችላል።

ከሆስፒታል ሲወጡ ደህና የሆኑ ሊመስልዎት ይችላል። ቢሆንም ከ3 እስከ 6 ወር ከሩጫ፣ ከኳስና ከከባድ ሸክም ይታቀቡ፤ ያልዳነ ጡንቻ በጥድፊያ መካከል ምቱ ሊዛባና ድንገተኛ ሞት ሊያስከትል ይችላል። ለሕመም ማስታገሻ ብለው አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ ከፋርማሲ በራስዎ አይግዙ፤ ሐኪምዎን ይጠይቁ። የታዘዘልዎትንም የልብ መድኃኒት ተሻለኝ ብለው አያቋርጡ፤ መቼ እንደሚቆም የሚወሰነው በድጋሚ በሚደረገው የልብ አልትራሳውንድ ነው።