«ምንም አልታየም» የሚለው ሪፖርት

በጌዴኦ ዞን የገጠር ቀበሌዎች ሰኞ ማለዳ ጤና ኬላ ውስጥ የሚከወን አንድ ሥራ አለ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ከሰኞ እስከ እሑድ ያለውን ያለፈውን ሳምንት ከመዝገቧ ቆጥራ ሪፖርቷን ትሞላለች፤ ወባ ይህን ያህል፣ ተስቦ ይህን ያህል፣ ከፍተኛ የምግብ እጥረት ይህን ያህል እያለች። ያልታየ በሽታ ሲኖር ቦታው ባዶ አይተውም፤ ዜሮ ይጻፍበታል። ባዶ ቦታ «አልታየም» ማለትም «አልፈለግሁም» ማለትም ሊሆን ይችላል፤ ዜሮ ግን ፈልጌ አላገኘሁም የሚል ቃል ነው፣ የጻፈውም ሰው ይጠየቅበታል። ቁጥሩ ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ዲላ ወዳለው የዞን ጤና መምሪያ፣ ከዞኑ ወደ ክልል እየተላለፈ በሳምንቱ መጨረሻ አዲስ አበባ ከኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይደርሳል። እንደ ኩፍኝ፣ ኮሌራና አባ ሰንጋ ያሉት ግን ሰኞን አይጠብቁም፤ ገና ሲጠረጠሩ ወዲያውኑ ይነገራሉ። ይህ ሁሉ በአንድ ስም የበሽታዎች ቅኝት ይባላል።

ሥርዓቱ ዛሬ በምናውቀው መልክ «የኅብረተሰብ ጤና አደጋ ቁጥጥር» ተብሎ የተደራጀው በ2001 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጋር የመስክ ኤፒዲሚዮሎጂ ሥልጠና ተጀመረ፤ ወረርሽኝ ያለበት ድረስ ሄደው የሚመረምሩ ባለሙያዎችን ለማፍራት። ከዚያ ወዲህ ስለ «ተቋማዊ አቅም ግንባታ» ብዙ ተወርቷል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጠረው ግን የሠለጠነው ሰው፣ የተገዛው መኪና፣ የታደለው ታብሌት ነው። እነዚህ ማስፈለጋቸው አያከራክርም። ይሁን እንጂ የተቋሙ ጥንካሬ የሚለካው ምንም ባልተፈጠረበት ተራ ሳምንት ከጌዴብ ወይም ከቡሌ ወረዳ የመጣው ዜሮ የሚታመን መሆኑና አለመሆኑ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ወረርሽኝ ሲነሳ መኪናም ገንዘብም ይመጣል። የሚታመን ዜሮ ግን በዚያች ሳምንት ተሠርቶ አይደርስም።

ዜሮ እንዴት ይታመናል የሚል ሰው ጥያቄው ተገቢ ነው። ቅጽ ለመሙላት ብቻ የሚጻፍ ዜሮ እንዳለ በጤና ሥራ ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቃል። ለዚህ ከሁሉ የተሻለውን መልስ የሰጠው የፖሊዮ ቅኝት ነው። ሕጉ ፖሊዮን ፈልግ አይልም፤ ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች ሆኖ እጁ ወይም እግሩ በድንገት የዛለበትን ልጅ ሁሉ፣ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ ፈልግ ነው የሚለው። እንዲህ ያለ መዛል ፖሊዮ በሌለበት አገርም በሌሎች ምክንያቶች ይከሰታል። ስለዚህ ከ100,000 ልጆች መካከል በዓመት ቢያንስ 1፣ ስጋት ባለበት አካባቢ ደግሞ 2 ካልተገኘ፣ በሽታው ጠፍቶ ሳይሆን ፈላጊው ጠፍቶ ነው ማለት ነው። 400,000 ልጆች ያሉት ዞን በሁለተኛው ስሌት በዓመት 8 ያህል እንዲህ ያሉ ልጆችን ማግኘት አለበት። ልጁ ሲገኝ መዛሉ በጀመረ በ14 ቀን ውስጥ በ24 ሰዓት ልዩነት ሁለት የዓይነ ምድር ናሙና ይወሰዳል፤ ናሙናው ቅዝቃዜው ሳይጓደል በበረዶ ሳጥን ከዲላ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ ላቦራቶሪ ይገባል። በረዶው መንገድ ላይ ቢቀልጥ እናት፣ ባለሙያና ሾፌር የደከሙበት ሁሉ ከንቱ ይሆናል። አቅም ስል እንዲህ ያለውን በረዶ ጭምር ማለቴ ነው።

በጌዴኦ ይህ ነገር ከሌላው ቦታ የበለጠ ያሳስባል። በ1999ኙ ቆጠራ 847,434 ሕዝብ የነበረው ይህ ዞን ሰዉ በእንሰትና በቡና ጥላ ሥር ተጠጋግቶ የሚኖርበት፣ በአገሪቱ የሕዝብ ጥግግት ከበዛባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ኩፍኝ ክትባት በሌለበት ቦታ አንድ ታማሚ ከ12 እስከ 18 ሰው እንደሚያሲዝ ይታወቃል። በ2010 ዓ.ም. ከሚያዝያ ጀምሮ በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ሲፈናቀል፣ አብዛኛው ጌዴኦ ውስጥ በትምህርት ቤት፣ በቤተ ክርስቲያንና ባላለቀ ሕንጻ ተጠለለ። የቤተሰብ መዝገብ የነበራት ባለሙያ በማንም መዝገብ ላይ ያልሰፈረ ሕዝብ በአንድ ሌሊት ተረከበች። መፈናቀልን ያመጣው የሪፖርት ጉድለት አይደለም፣ በሪፖርትም አይቆምም የሚሉ ሰዎች እውነታቸውን ነው። ነገር ግን አስቸኳይ ክትባቱ የትኛው መጠለያ ይቅደም፣ መጸዳጃው የት ይቆፈር፣ ለእከክ የሚሆነው መድኃኒት ወዴት ይላክ የሚለውን የሚመልሰው ቆጠራ ብቻ ነው። የማይቆጠር ተፈናቃይ ከእርዳታውም ይጎድላል።

መቁጠርና አለመቁጠር የሚያመጡትን ልዩነት ለማየት የኦሞ ሸለቆን መመልከት ይበቃል። በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በዚያ የገባው ቢጫ ወባ 100,000 ያህል ሰው አሞ 30,000 ያህል እንደገደለ ይገመታል። በግምት የምንናገረው ያኔ የሚቆጥር ስላልነበረ ነው። በኅዳር 2018 ዓ.ም. በዚያው አካባቢ፣ በጂንካ፣ የማርበርግ በሽታ ሲነሳ ግን ጥርጣሬው በተሰማ በቀናት ውስጥ የበሽታው ስም ተረጋግጦ ለዓለም ተነገረ። ጂንካና ዲላ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በተመሠረተው በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ናቸው። 

ሕክምና ላልተሟላለት ሕዝብ በቆጠራ ላይ ገንዘብ ማውጣት ቅንጦት ነው የሚል ተቃውሞም ይሰማል። ይህ ተቃውሞ ቆጣሪውና አካሚው ሁለት ሰው እንደሆኑ አድርጎ ያስባል። ጤና ኬላ ውስጥ ግን አንድ ናቸው፤ ዘግይቶ የታወቀ ኩፍኝም በጊዜ ከታወቀው ይልቅ የሕክምና በጀትን ይበላል። እኔን የበለጠ የሚያስጨንቀኝ ገንዘቡ ከየት ይምጣ የሚለው ነው። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ እርዳታ ሲቋረጥ በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ ወደ 5,000 የሚሆኑ የጤና ሠራተኞች ውል ተቋረጠ። በአንድ ደብዳቤ የሚበተን ነገር አቅም ሊባል አይገባውም። የወረዳ የቅኝት ባለሙያ ደመወዝ፣ የስልኩ ካርድ፣ የሞተር ሳይክሉ ነዳጅ በወረዳው በጀት በራሳቸው ስም መያዝ አለባቸው። ለማኅበረሰቡ ጥቆማ ደግሞ ጌዴኦ የራሱ ሸንጎ አለው፤ በሶንጎ የሚቀመጡ ሽማግሌዎች በሰፈሩ ማን እንደታመመና ማን እንደሞተ ያውቃሉ። ይህን እውቀታቸውን ከጤና ኬላው ጋር ለማገናኘት ፈቃዱ ካለ ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

አንባቢም በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ድርሻ አለው። በአካባቢዎ ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እጁ ወይም እግሩ በድንገት ከዛለ፣ ሽፍታና ትኩሳት ያለበት ሕፃን ካዩ፣ ወይም በአንድ ሰፈር ሰዎች ተከታትለው ከታመሙ ለቀበሌዎ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ዛሬውኑ ይንገሩ፤ ካጧትም በነጻ የስልክ መስመር 8335 ይደውሉ።