ዓሣውን በሕይወት የሚያቆየው ስፖንጅ

የመሳላ በዓል ሲቃረብ በከምባታዋ ዱራሜ ከተማ ቤቱ ሁሉ ይጸዳል። ዕቃው ወጥቶ ይታጠባል፣ ጓሮው ይጠረጋል። ሳሎኑ ውስጥ አኳሪየም ያለው ሰው ደግሞ እሱንም ለበዓሉ ያሰናዳል፦ ውሃውን እስከ መጨረሻው ይደፋል፣ ጠጠሩን በኦሞ ያሻል፣ ጠቁሮ የነበረውን የፊልተር ስፖንጅ በቧንቧ ውሃ እየጨመቀ ያነጣዋል። ገንዳው ያበራል። ጎልድፊሹ ግን ጥቂት ቀናት ቆይቶ ወደ ውሃው ገጽ ይወጣና አፉን መክፈትና መዝጋት ይጀምራል፤ ሳምንት ሳይሞላው በጎኑ ተንሳፍፎ ይገኛል። ልጆች ስም ያወጡለት፣ ለዓመታት አብሮ የኖረ ዓሣ እንዲህ ሲሞት ባለቤቱ «በሽታ ያዘው» ይላል። እኔ ግን እንዲህ ባለው ጊዜ በመጀመሪያ የምጠረጥረው ጽዳቱን ነው። ከዓሣው በፊት የሞተ ነገር አለ፤ እሱም ስፖንጁ ውስጥ ነበር።

ፊልተር ሲያዩት ቀላል ዕቃ ነው። ትንሽ ሞተር ውሃ ይስባል፣ ውሃው በስፖንጅ ወይም በሴራሚክ ቁርጥራጭ ውስጥ አልፎ ተመልሶ ይወርዳል። ገዢው እንደ ወንፊት ያየዋል፤ ቆሻሻ ማስቀረት ግን ትንሹ ሥራው ነው። ዓሣ ከበላው ፕሮቲን የሚተርፈውን አሞንያ በአብዛኛው በስንጥቡ በኩል ወደ ውሃው ያስወጣዋል። በወንዝ ቢሆን ውሃው ይወስደዋል። በመስታወት ገንዳ ውስጥ ግን የትም አይሄድም፤ እየተጠራቀመ ተመልሶ የዓሣውን ስንጥብ ያቃጥላል። ጎልድፊሽ ደግሞ ብዙ የሚበላና ብዙ የሚያስወጣ ዓሣ ነው።

ስፖንጁን ያጠቆረው ያ የሚያሟልጭ ሽፋን በባክቴሪያ የተሞላ ነው። አንዱ ወገን አሞንያውን ወደ ናይትራይት ይለውጣል፣ ሌላው ናይትራይቱን ተቀብሎ ናይትሬት ያደርገዋል። ናይትራይትም ራሱ መርዝ ነው፤ ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ስለሚያግደው ስንጥቡ ወደ ቡናማ ይለወጣል፣ ዓሣውም ውሃው ውስጥ አየር እያለ ይታፈናል። ናይትሬት ግን ጉዳቱ እጅግ ያነሰ ነው፤ ተክል ይመገበዋል፣ የቀረው ውሃ ሲቀየር ይወጣል። እነዚህን ባክቴሪያዎች እ.ኤ.አ. በ1890 ዙሪክ ላይ ለይቶ ያወጣቸው ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ የተባለው ተመራማሪ ነበር፤ ያገኛቸውም በአፈር ውስጥ ነው። በከምባታ ጓሮ እንሰቱ ሥር ፍግ ሲደፋ አፈሩ ውስጥ የሚካሄደው ሥራ ከዚህ የተለየ አይደለም።

ችግሩ ዘገምተኛ መሆናቸው ነው። ምግብ የሚያበላሹ ባክቴሪያዎች በ20 ደቂቃ እጥፍ ሊሆኑ ይችላሉ፤ እነዚህ ግን ግማሽ ቀንና ከዚያም በላይ ይፈልጋሉ። አዲስ ፊልተር ሥራውን በወጉ ለመጀመር ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጅበታል፤ ውሃው በሚቀዘቅዝበት ደጋማ አገር ደግሞ ይዘገያል። በአንድ ጠዋት የታጠበው ስፖንጅ የሳምንታት ልፋት ነበር ማለት ነው።

ባክቴሪያዎቹን የሚገድላቸው ክሎሪን ነው። በቧንቧ ውሃ ውስጥ ለእኛ ጤና የሚጨመረው ክሎሪን፣ በረኪና ወይም ውሃ አጋር በተባለው የውሃ ማከሚያ ውስጥ ያለው፣ ሁሉም ባክቴሪያውን ይገድላል፣ የዓሣውንም ስንጥብ ያጠፋል። ይህ የልምድ ማነስ ብቻ የሚያመጣው ጥፋት አይደለም። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2022 በካሊፎርኒያ፣ ዴቪስ በሚገኘው ዩኒቨርሲቲ የዓሣ ምርምር ማዕከል ውስጥ ወደ 21,000 የሚጠጉ ዓሣዎች በክሎሪን አልቀዋል፤ ከነሱ መካከል ለመጥፋት የተቃረቡ ዝርያዎችም ነበሩ። ባለሙያ በተሞላ ቤት ይህ ከደረሰ፣ ሳሎን ውስጥ ያለ ሰው መጠንቀቅ አለበት።

ለዱራሜ ሰው ሁለት ተጨማሪ ነገሮች አሉ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ ውሃ እዚህ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ አረፋ የሚያወጣው የአየር ፓምፕ ለጌጥ አይደለም። ሁለተኛው መብራት መጥፋቱ ነው። ፊልተሩ ለብዙ ሰዓታት ከቆመ ውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎች ኦክስጅን አጥተው ሊሞቱ ይችላሉ። መብራት ሲመጣ ወዲያው ማስነሳት የተጠራቀመውን መርዝ ወደ ገንዳው መልቀቅ ስለሚሆን፣ መጀመሪያ ስፖንጁን ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ማለቅለቅ ይገባል። መብራት እስኪመጣ ዓሣውን አለመመገብ፣ በየጊዜው ውሃውን በኩባያ እየቀዱ ከፍ አድርጎ መልሶ ማፍሰስ ይረዳል።

የጽዳቱ ወግ እንዲህ ነው። ፊልተሩ ከሶኬት ይነቀላል። በሳምንት አንዴ ከገንዳው ውሃ አንድ አራተኛው ብቻ በባልዲ ይወጣል። ስፖንጁ እዚያው ባልዲ ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ተጨምቆ ይመለሳል፤ ቡናማነቱ ይቆይ፣ መንጣት የለበትም። የሚጨመረው የቧንቧ ውሃ ክዳን በሌለው ባልዲ አንድ ቀንና ሌሊት ያደረ፣ ሙቀቱም ከገንዳው ጋር የተቀራረበ መሆን አለበት። ሳሙና ወደ ገንዳው አይቅረብ።

ጥፋቱ ከደረሰ በኋላም ተስፋ አይቆረጥም። ዓሣው ወደ ውሃው ገጽ ወጥቶ አፉን ሲከፍትና ሲዘጋ ካያችሁ ግማሹን ውሃ ባደረ ውሃ ቀይሩ፣ ለጥቂት ቀናት ምግብ አቁሙ፣ የአየር ፓምፑን አጠንክሩ። ለጎልድፊሽ በ10 ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው መጨመር ናይትራይቱ በስንጥቡ እንዳይገባ ያግዛል። ከሁሉ በላይ ገንዳውን እንደገና አትጠቡ።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለጎልድፊሽ ይገባዋል። እንግሊዝ አገር ቲሽ የተባለ ጎልድፊሽ 43 ዓመት ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1999 ሞቷል። የዱራሜ ቅዝቃዜም ማሞቂያ ሳያስፈልገው የሚመቸው ነው።

በተለይ ሆቴልና ካፌ ውስጥ አኳሪየም ያላችሁ፣ ገንዳውን የሚያጸዳው ሰው ዓሣውን የገዛው ላይሆን ይችላል፤ ንጹሕ ሥራ በመሥራቱ ሊወቀስም አይገባውም። ወረቀት ላይ በትልቁ ጻፉና ከገንዳው ጎን ለጥፉ፦ «ስፖንጁ በቧንቧ ውሃ አይታጠብ፤ በረኪና አይነካው።»