ስምን በትዕግሥት መፈለግ፤ የአሮልዘን ቤተ መዛግብት ትውውቅ

በጀርመን አገር፣ በሄሰን ግዛት፣ ባድ አሮልዘን በምትባል አነስተኛ ከተማ፣ ናዚዎች ያሳደዷቸውን፣ ያጋዟቸውን፣ በግዳጅ ያሠሯቸውንና የገደሏቸውን ሰዎች ነገር የያዘ ታላቅ ቤተ መዛግብት ይገኛል። በውስጡ 30 ሚሊዮን ያህል ሰነዶች ተከማችተዋል፤ በእነዚህም የ17.5 ሚሊዮን ሰዎች ነገር ተመዝግቧል፤ ዩኔስኮም በ2013 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለባቸው በቀር፣ ሁሉም እንደዚሁ ናቸው) በዓለም የትውስታ መዝገቡ ውስጥ አስገብቶታል። የሰነዶቹ አብዛኛው ክፍል ዛሬ በኢንተርኔት ያለ ክፍያ ስለሚነበብ፣ በላፍቶ ወይም በመካኒሳ ቤቱ የተቀመጠ ሰው፣ ባሕር ሳይሻገርና ደጅ ሳይጠና፣ የዚያን ዘመን ግፍ ከገዛ መዝገቡ ሊመረምር ይችላል። ይህን የመሰለ በር ተከፍቶ ሳለ በእኛ አገር የሚገባበት ሰው ጥቂት መሆኑ ስለሚያሳዝነኝ፣ ቤቱን ለአንባቢ ማስተዋወቅ ወደድሁ።

ታሪኩ በአጭሩ ይህ ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገና ሳይፈጸም፣ በ1943፣ የእንግሊዝ ቀይ መስቀል የጠፉ ሰዎችን የሚያፈላልግ ክፍል በለንደን አቆመ፤ ክፍሉም ወደ ቬርሳይ፣ ከዚያም ወደ ፍራንክፈርት ተዛውሮ በ1946 መጀመሪያ በአሮልዘን ረጋ። ከ1955 እስከ 2012 ያስተዳደረው ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ነው፤ ለተመራማሪዎች የተከፈተው በ2007 ሲሆን የዛሬ ስሙን ያገኘው ደግሞ በ2019 ነው።

ብዙ ሰው እንዲህ ያለውን ቤት የሙታን መዝገብ ብቻ አድርጎ ያስበዋል። በእውነቱ ግን እንደ ዳካውና ቡኸንቫልድ ካሉት ማጎሪያዎች ከተገኙት የእስረኛ ካርዶች፣ የማጓጓዣ ዝርዝሮችና የሞት መዛግብት ጎን ለጎን፣ ከጦርነቱ በኋላ በስደተኞች ሰፈር የተጠለሉ ሰዎች የሞሏቸው የእርዳታ ማመልከቻዎችም በብዛት አሉ። በእነዚህ ማመልከቻዎች ስደተኛው በጦርነቱ ዘመን የት የት እንደኖረ፣ ምን ሥራ እንደሠራ፣ ወደ ትውልድ አገሩ መመለስ ለምን እንደማይወድና ወደ የትኛው አገር መሄድ እንደሚሻ ተጽፏል። የማጎሪያው ካርድ ግፈኛው ስለ ግፉዑ የጻፈው ነው፤ ማመልከቻው ግን ግፉዑ ስለ ራሱ የሰጠው ቃል ስለሆነ፣ ሁለቱን አስተያይቶ የሚያነብ ሰው አንዱን ብቻ ከሚያነበው ይልቅ ወደ እውነት ይቀርባል።

እኔን ግን ከሁሉ አብልጦ የሚያስደንቀኝ የስሞች ማውጫው ነው። ይህ ማውጫ 50 ሚሊዮን ያህል ካርዶች ሲኖሩት፣ የተደራጀው በፊደል ተራ ብቻ ሳይሆን በድምፅም ጭምር ነው። ምክንያቱን ለማስተዋል የአንድ ስደተኛ ስም ያለፈበትን መንገድ ማሰብ ይበቃል። በፖላንድ የተወለደ አይሁዳዊ ስሙን በዕብራይስጥ ፊደል ሲጽፍ ኖሮ፣ የጀርመን ጸሐፊ በጆሮው እንደ ሰማው ይመዘግበዋል፤ የፈረንሳይ ዘበኛ በራሱ ልማድ ይገለብጠዋል፤ ጦርነቱ ሲያበቃ ደግሞ የአሜሪካ ወታደር ከሁለቱም በተለየ አኳኋን ይጽፈዋል፤ ሰውዬው አንድ ሲሆን ስሙ አራት ይሆናል። አብራሞቪች የሚለው ስም ብቻ በማውጫው ውስጥ ከ800 በሚበልጥ ልዩ ልዩ አጻጻፍ ይገኛል። ስለዚህ የቤቱ ሠራተኞች በድምፅ የሚመሳሰሉትን ስሞች በአንድ ሥፍራ ሰብስበው፣ እናት ልጇን በፈለገች ጊዜ የአንድ ጸሐፊ ስሕተት ከልጇ እንዳይለያት አደረጉ። የልደት ቀንንም መለያ አደረጉት፤ ሆኖም ሞትን ለማምለጥ ሲሉ ዕድሜያቸውን ጨምረው የተናገሩ ወጣቶች ስለ ነበሩ፣ ቀኑም ቢሆን ሁልጊዜ አይታመንም።

ይህን ነገር ከኢትዮጵያዊ ይልቅ ማን ሊረዳው ይገባ ነበር? እኛ ራሳችን በሠ እና በሰ፣ በሐ፣ በኀ እና በሀ፣ በፀ እና በጸ የአንዱን ሰው ስም በየመዝገቡ ስናለዋውጥ የምንኖር ነን፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍማ የአንድ አባት ልጆች በየፓስፖርታቸው የተለያየ የአባት ስም ይዘው ይገኛሉ። በዚህም ላይ የክርስትና ስምና የዓለም ስም አለን፤ በፍትሐት ላይ ካህኑ የሟቹን ስመ ክርስትና ሲጠራ፣ ዕድሜ ልኩን አብሮት የኖረ ጎረቤት እንኳ ስለ ማን እንደሚጸለይ ላያውቅ ይችላል።

በሳሪስ የማውቀው አንድ ተማሪ፣ አያቱ ትናገርለት የነበረውን የአንድ አውሮፓዊ ሐኪም ነገር ለማወቅ ተነሥቶ፣ ስሙን በአማርኛ እንደ ሰማው ወደ ላቲን ገልብጦ በቤተ መዛግብቱ ድረ ገጽ ጻፈና ወዲያው፣ «ጋሼ፣ ፈልጌ አጣሁት፤ የለም ማለት ነው» አለኝ። «ልጄ፣ ያጣኸው አጻጻፉን እንጂ ሰውዬውን አይደለም፤ ፊደሉን እየለወጥህ ደጋግመህ ሞክር» ብለው፣ ከጥቂት ሙከራ በኋላ በዚያው ስም የሚጠሩ ብዙ ሰዎች ተገኙ፤ እሱም በደስታ የመጀመሪያውን ሰው የአያቱ ሐኪም አድርጎ ሊመዘግበው ብዕሩን አነሣ። ሁለቱም ስሕተት ናቸው፤ ሁለተኛው ግን ከመጀመሪያው ይከፋል። ያላገኘ ሰው ነገ ሊያገኝ ይችላል፤ የሌላውን ሰው መከራ ለማያገባው ሰው የሰጠ ግን ሁለት ሰዎችን በአንድ ጊዜ ይበድላል። ስም፣ የልደት ቀን፣ የትውልድ ከተማና የወላጆች ስም አብረው ሳይመሰክሩ አገኘሁ ማለት አይገባም።

ነገሩ ለእኛ ባዕድ የሚመስለው ሰው ካለ፣ በአማርኛና በግዕዝ መዝገበ ቃላቱ የምናውቀውን ዎልፍ ሌስላውን ያስብ። በ1906 በፖላንድ ከአይሁድ ወገን የተወለደው ይህ ሊቅ፣ በፓሪስ ከማርሴል ኮኸን ዘንድ የሴም ቋንቋዎችን አጥንቶ ሳለ፣ ጦርነቱ ሲነሣ በፒሬኔ ተራሮች ሥር ባለ ማጎሪያ፣ ኋላም በሌ ሚል ካምፕ ከታሰረ በኋላ፣ በ1942 ከቤተሰቡ ጋር አምልጦ ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ ከዚያም ወደ አገራችን መጥቶ ቋንቋዎቻችንን ሲመረምር ኖረ፤ ታላቁን የግዕዝ ንጽጽራዊ መዝገበ ቃላት ያወጣው በ1987 ነው። ከሌ ሚል ካምፕ በዚያው በ1942 ወደ ሞት የተጋዙት ግን ብዙዎች ናቸው። ከዚህም ሌላ፣ የፋሺስት ኢጣልያ መንግሥት ጣልያኖች ከቅኝ ተገዦቹ ጋር በትዳር መልክ አብረው እንዳይኖሩ በሕግ የከለከለው በሚያዝያ 1937 ሲሆን፣ አይሁድን ከትምህርት ቤትና ከመንግሥት ሥራ ያስወጣው የዘር ሕግ የወጣው በ1938 ነው፤ በጥቁሩ ላይ የተለማመደው ብዕር ወደ አይሁዳዊው ዞረ ማለት ይቻላል።

እኛም የራሳችን ሰነድ ነበረን። የኢትዮጵያ መንግሥት ባዶሊዮና ግራዚያኒ የሚገኙባቸውን አሥር ጣልያኖች በጦር ወንጀል ከስሶ፣ በ1948 ማስረጃውን በለንደን ለነበረው ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሲዮን አቀረበ፤ ኮሚሲዮኑ ክሱን ቢቀበለውም፣ ከተከሳሾቹ አንድም ሰው በኢትዮጵያ ዳኛ ፊት አልቆመም። ከቀረቡት የምስክርነት ቃሎች አንዱ፣ በሶማሊያ በዳናኔ ማጎሪያ ከታሰሩት 6,500 ሰዎች 3,175ቱ እንደ ሞቱ ይናገራል። ቁጥሩን እናውቃለን፤ የልጅ ልጅ መጥቶ የአያቱን ስም የሚፈልግበት፣ እንደ አሮልዘን ያለ ማውጫ ግን አላዘጋጀንላቸውም። የየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እና የደብረ ሊባኖስ ሰማዕታትም ዕጣ ይኸው ነው።

ስለዚህ አንባቢን የምለምነው አንድ ነገር ነው። በቤትህ በፋሺስት ዘመን የታሰረ፣ የተጋዘ ወይም የተገደለ ሰው ካለ፣ የዓለም ስሙንና የክርስትና ስሙን፣ የተወለደበትን አገር፣ የወላጆቹን ስምና የታሰረበትን ሥፍራ፣ አረጋውያኑ በሕይወት ሳሉ ጠይቀህ ጻፍ፤ የጻፍኸውንም ለወመዘክር ወይም ለኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አድርስ። ማውጫውን ማደራጀት የመንግሥትና የሊቃውንት ተግባር ነው፤ ስሙን ማቅረብ ግን ከቤተሰብ በቀር ማንም ሊሠራው አይችልም።