ላብና ስብ

ከአየር ጤና ተነስቶ በጦር ኃይሎች አድርጎ ወደ 18 ማዞሪያ እና ወደ ዊንጌት በሚዘልቀው ቀለበት መንገድ ዳር፣ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ከሚሮጡት መካከል በቱታቸው ላይ ወፍራም ጃኬት የደረቡ፣ ከጃኬቱ ሥር ደግሞ ሆዳቸውን በፌስታል የጠመጠሙ አይጠፉም። ጂም ውስጥም ወገብን በላስቲክ መቀነት ጠፍሮ ትሬድሚል ላይ መውጣት የተለመደ ነው። ከዚህ ልማድ ጀርባ ያለው አስተሳሰብ ሲሰሙት ያሳምናል፦ ቦርጭ ስብ ነው፤ ስብ ሲሞቅ ይቀልጣል፤ የቀለጠው በላብ ይወጣል። ከሦስቱ እውነት የሆነው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ድስት ላይ የተጣደ ቅቤ ሲቀልጥ ያየ ሰው ሆዱም እንደዚያ ይመስለዋል፤ ነገር ግን የሰው ስብ በሰውነት ሙቀት ውስጥ ድሮውንም ለስላሳ ነው፣ እንዲቀልጥ የሚጠበቅ ነገር የለውም። መሰባበርና መቃጠል ነው ያለበት፤ ይህ ደግሞ ቆዳ ላይ የሚካሄድ ሥራ አይደለም።

ላብ ሥራው ማቀዝቀዝ ነው። ጡንቻ ከሚያቃጥለው ጉልበት ወደ እንቅስቃሴ የሚለወጠው ቢበዛ ሩቡ ሲሆን የቀረው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ሙቀቱ ካልተወገደ ሯጩ ብዙ ሳይርቅ ይወድቃል። አንድ ሊትር ላብ ከቆዳ ላይ ሲተን ወደ 580 ኪሎ ካሎሪ የሚጠጋ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ቁልፉ «ሲተን» የሚለው ነው፤ መሬት ላይ የተንጠባጠበ ወይም ፌስታል ውስጥ የታቆረ ላብ ሰውነትን አያቀዘቅዝም፣ በከንቱ የፈሰሰ ውሃ ነው። ፌስታሉ ትነቱን ስለሚያግድ ሰውነት ይበልጥ ይሞቃል፣ ይበልጥ ያልባል፣ ሰውየውም «ዛሬ ሠራሁ» ይላል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ፣ በተለይ በበጋ፣ አየሩ ቀዝቃዛና ደረቅ ስለሆነ ላብ ገና እንደወጣ ይተናል። ስለዚህ በከተማዋ ኮልፌ ሰፈር 10 ኪሎ ሜትር የሮጠ ሰው ልብሱ እምብዛም ላይረጥብ ይችላል። ያንኑ ርቀት በዚያው ፍጥነት ድሬዳዋ ላይ ቢሮጥ ሸሚዙ ይጨመቃል፤ ያቃጠለው ስብ ግን ያን ያህል የተለየ አይሆንም።

«ሚዛን ላይ ስወጣ አንድ ኪሎ ቀንሼ አገኘዋለሁ» የሚል ሰው አይዋሽም። የቀነሰው ምንድን ነው የሚለው ግን በሒሳብ ይፈተሻል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 10 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ የሚያቃጥለው 700 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ነው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ኪሎ ካሎሪ ይይዛል። ያ ሁሉ ጉልበት ከስብ ብቻ ቢመጣ እንኳ፣ አይመጣም እንጂ፣ የጠፋው ስብ 100 ግራም አይሞላም። ቀሪው 900 ግራም በአብዛኛው ውሃ ነው፤ ሁለት ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ሲጠጣ ይመለሳል። ኃይሌ ገብረሥላሴ ዱባይ ማራቶንን በ2009 (ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ባሸነፈበት ውድድር ከክብደቱ ወደ 10 በመቶ የሚጠጋውን አጥቶ እንደነበር ተመራማሪዎች መዝግበዋል። ያ ሁሉ ስብ ቢሆን ኖሮ ሰውነቱ ለሁለተኛ ማራቶን የሚሆን ስብ ባልተረፈው ነበር።

ታዲያ ስቡ የት ይሄዳል? ሩበን ሚርማንና አንድሩ ብራውን የተባሉ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች በ2014 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ ሒሳቡን አቶም በአቶም ሠርተው አሳዩ። 10 ኪሎ ስብ ሙሉ በሙሉ ሲቃጠል 8.4 ኪሎው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ በሳንባ ይወጣል፤ 1.6 ኪሎው ውሃ ይሆናል። ያ ውሃ በሽንትም፣ በትንፋሽም፣ በላብም ሊወጣ ይችላልና ለላብ የሚደርሰው ድርሻ ቢኖር ይህችው ናት። የሚገርመው ተመራማሪዎቹ የጠየቋቸው ሐኪሞች፣ የምግብ ባለሙያዎችና የስፖርት አሠልጣኞች ራሳቸው አብዛኞቹ መልሱን አለማወቃቸው ነው። «እንግዲያው ቁጭ ብዬ ቶሎ ቶሎ ልተንፍስ» ማለት ግን አያዋጣም፤ ጡንቻ ሳይሠራ መተንፈስ ማዞር እንጂ ስብ ማቃጠል አይሆንም።

ፌስታሉ ሆድ ላይ የሚታሰርበት ምክንያት ደግሞ ሌላ እምነት ነው፦ የሠራው ቦታ ይቀንሳል የሚል። የስብ ሕዋሳት የያዙትን ለደም ይለቃሉ፣ ደም ወደፈለገው ጡንቻ ያደርሰዋል፤ የሆድ ጡንቻ ከጎረቤቱ ስብ የሚያገኘው ልዩ ቅድሚያ የለም። በ1984 በታተመ ጥናት ወንዶች በ27 ቀናት ውስጥ በሺዎች የሚቆጠር ሲት አፕ ሠሩ፤ ከሆዳቸው፣ ከጀርባቸውና ከመቀመጫቸው ናሙና ሲወሰድ የስብ ሕዋሳቱ ለውጥ በሦስቱም ቦታ ተመሳሳይ ሆኖ ተገኘ።

ጠንከር ያለ ተቃውሞ አለ፦ ቦክሰኞችና የትግል ስፖርተኞች ላስቲክ ለብሰው ክብደት ይቀንሱ የለም ወይ? ይቀንሳሉ፤ ዓላማቸው ግን ለአንድ ቀን ሚዛን ማለፍ ነው፣ ዋጋውም አለ። በ1997 መጨረሻ በአሜሪካ ሦስት የኮሌጅ የትግል ስፖርተኞች በዚህ መንገድ ውሃ ሲያሟጥጡ በሳምንታት ልዩነት ሞቱ፤ ከዚያ በኋላ የኮሌጆቹ ስፖርት ማኅበር የላስቲክ ልብሱን አገደ። ሌላው ተቃውሞ «ብዙ የሚያልባቸው ሰዎች ሲቀጥኑ እናያለን» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ግን ሮጠው ነው የቀጠኑት፣ ብዙ ጊዜም አመጋገባቸውን ለውጠው። ስቲም ገብቶ ቁጭ ያለውም እኩል ያልበዋል፤ እሱ ግን ቦርጩን ይዞት ይወጣል።

ላብ የጤና መለኪያም አይሆንም። ጄሪ ሞሪስ የተባለው ሐኪም በ1953 በታተመ ጥናቱ የለንደንን ባለፎቅ አውቶቡሶች ሠራተኞች አነጻጸረ። ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ከሚነዱት ሾፌሮች ይልቅ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ የሚውሉት ቲኬት ቆራጮች በልብ ሕመም የሚጠቁት ባነሰ ቁጥር ነበር። ምናልባት ወፈር ያሉት ናቸው ሾፌርነትን የመረጡት? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሞሪስም ሾፌሮቹ የሚለብሱት ሱሪ ወገቡ ሰፊ መሆኑን ከደንብ ልብስ መዝገብ አረጋግጧል። ይሁን እንጂ በእግርና በብስክሌት ደብዳቤ የሚያድሉ ፖስተኞች ጠረጴዛ ላይ ከሚውሉ ባልደረቦቻቸው ጋር ሲነጻጸሩም ውጤቱ ወደዚያው አጋደለ። አሁን ከቲኬት ቆራጩ ጎን በኮልፌ አጠና ተራ የባሕር ዛፍ አጠና በትከሻው ሲያመላልስ የሚውለውን ሠራተኛ እናስቀምጥ። ላብ ቢለካ እሱ ያሸንፋል። ነገር ግን በ2018 የወጣ የብዙ ጥናቶች ድምር ትንታኔ፣ ከባድ የጉልበት ሥራ የሚሠሩ ወንዶች ቀድሞ የመሞት ዕድላቸው ቀለል ያለ ሥራ ከሚሠሩት በ18 በመቶ ከፍ ያለ ሆኖ አግኝቶታል። ድህነትና ማጨስ በውጤቱ ላይ እጃቸውን አስገብተው ሊሆን ይችላል። ተመራማሪዎች የሚያቀርቡት ሌላ ማብራሪያ፣ ለሰዓታት የሚዘልቅ፣ ዕረፍት የሌለው፣ ፍጥነቱን ሠራተኛው ራሱ የማይወስነው ሸክም ልብን እንደ ስፖርት አያጠነክርም የሚል ነው።

ላብን የሚተካ ቀላል መለኪያ አለ። ኔልሰን ማንዴላ በ1962 በኮልፌ ወታደራዊ ሥልጠና ሲወስድ መሣሪያና ውሃ ይዞ የሚያደርገው ጉዞ የሚመዘነው የተወሰነ ርቀትን በተወሰነ ሰዓት በመጨረስ ነበር። ርቀትና ሰዓት መለካት ለማይችል ሰው ትንፋሹ ይበቃዋል፦ ዳገቱን በፍጥነት ሲወጣ ማውራት ከቻለ፣ መዝፈን ግን ካቃተው፣ የዓለም ጤና ድርጅት መካከለኛ የሚለውን ደረጃ ይዟል። ድርጅቱ ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ እንዲህ ያለ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ በ2020 ደግሞ አንድ ጊዜ ቢያንስ 10 ደቂቃ መቆየት አለበት የሚለውን የቀድሞ ገደብ አንስቷል። ከታክሲ ወርዶ እስከ ቤት የስድስት ደቂቃ ፈጣን እርምጃም ይቆጠራል ማለት ነው። ከቆላ ለመጣ ሰው ኮልፌ ላይ ትንፋሹ ቶሎ ያጥረዋል፤ እስኪለምድ ድረስ ለእሱ ልኩ ዝግ ያለ እርምጃ ነው፣ ግንባሩ ላይ አንዲት ጠብታ ባትታይም።