በውስጥ ኔትወርክ የአንድን ስም መልስ ስለ ማረም

ከኔትወርክ አገልጋዮች ሁሉ እንደ ዲኤንኤስ ሰርቨር ብዙ እየሠራ ጥቂት የሚመሰገን የለም። ስም ይጠየቃል፤ አድራሻ ይመልሳል፤ ይህን አንባቢ ስለሚያውቀው አላራዝመውም። እኔ ላስተዋውቅ የምወድደው፣ በመሥሪያ ቤት ወይም በመኖሪያ ቤት ያለ ሰርቨር፣ ለአንድ ለተመረጠ ስም ዓለም ሁሉ የሚያገኘውን መልስ ትቶ ለገዛ ተጠቃሚዎቹ ሌላ መልስ እንዲሰጥ፣ ስለ ቀሩት አእላፍ ስሞች ግን እንደ ወትሮው ወደ ውጭ ጠይቆ የተባለውን ሳይለውጥ እንዲያቀብል የሚደረግበትን ጥበብ ነው። ባለሙያዎቹ «ኦቨርራይድ» ይሉታል፤ ብዙ ሰው የሚያውቀው ማስታወቂያ ለማገድ ሲያገለግል ብቻ ስለ ሆነ፣ ከሚገባው እጅግ ያነሰ ክብር ይሰጠዋል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ዲኤንኤስ ከመፈጠሩ በፊት፣ የአርፓኔት ኮምፒዩተሮች ስምና አድራሻ በአንድ ፋይል ተጽፎ፣ በካሊፎርንያ በስታንፎርድ ምርምር ተቋም ኤሊዛቤት ፋይንለር በሚመሩት ክፍል ይጠበቅ ነበር፤ ሌሎቹም ኮምፒዩተሮች ቅጂውን ከዚያ ይወስዱ ነበር። ኔትወርኩ እየሰፋ ሲሄድ ይህ አሠራር ስለ ከበደ ፖል ሞካፔትሪስ እ.ኤ.አ. በ1983 ዲኤንኤስን ነደፉ፤ ዛሬ የምንገለገልበትም ሥርዓት በ1987 ተሻሽሎ ወጣ። የድሮው ፋይል ግን ፈጽሞ አልቀረም፤ «ሆስትስ» ተብሎ በዊንዶውስም በሊኑክስም ውስጥ እስከ ዛሬ ተቀምጧል፤ አንዲት መስመር ቢጽፉበትም ኮምፒዩተሩ ሰርቨሩን ከመጠየቁ በፊት እርሷን ያነባል። ለአንድ ኮምፒዩተር ይህ ይበቃል፤ ኮምፒዩተሩ አርባ ሲሆን፣ በየኪሱም ስልክ ሲጨመርበት፣ ማረሚያው በሰርቨሩ ላይ አንድ ጊዜ ቢጻፍ ይሻላል።

የሚያስፈልግበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት የራሱን ፖርታል በገዛ ግቢው ባቆመው ሰርቨር ላይ አድርጎ ለሕዝብ ከፍቶታል እንበል፤ ስሙንም፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ለማስረጃ ብቻ እንዲያገለግል ተለይቶ በተቀመጠው ስም፣ ፖርታል ዶት ኤግዛምፕል ዶት ኮም እንበለው። የውጭ ሰው ይህን ስም ሲጠይቅ የራውተሩን የውጭ አድራሻ ያገኛል፤ ራውተሩም ጥያቄውን ተቀብሎ በውስጥ ወዳለው ወደ 192.168.10.5 ያስተላልፈዋል። ከሰርቨሩ ክፍል ጎን የተቀመጠው ሠራተኛ ግን ያንኑ የውጭ አድራሻ ሲያገኝ፣ ጥያቄው እስከ ራውተሩ ሄዶ ወደ መጣበት ግቢ ሊመለስ ይገደዳል፤ ይህን ማድረግ የማይችል ራውተር ብዙ ነው፤ የሚችለውም በከንቱ ይደክምበታል። የውስጡ ዲኤንኤስ ሰርቨር ለዚህ ለአንዱ ስም 192.168.10.5 ብሎ ቢመልስ ግን ክርክሩ ሁሉ ያልቃል፤ የኢንተርኔት መስመር ቢቋረጥ እንኳ ፖርታሉ በግቢው ውስጥ መሥራቱን አያቋርጥም፤ መቋረጥን ለለመድን ለእኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ትምህርት ቤቶች ደግሞ የጉግልን መፈለጊያ ስም፣ ጉግል ራሱ ለዚሁ ጉዳይ ወዳዘጋጀው ወደ ፎርስሴፍሰርች ዶት ጉግል ዶት ኮም በማዞር፣ ለሕፃናት የማይገባው ሥዕል በፍለጋው ውስጥ እንዳይወጣ ያደርጋሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። ብዙ ሰው፣ ተምሬአለሁ የሚለውም ጭምር፣ አንዲትን ስም ለመለወጥ መላውን ዞን መያዝ ያስፈልጋል ብሎ ያምናል። ስለዚህ በውስጡ ሰርቨር ላይ ኤግዛምፕል ዶት ኮም የሚል ሙሉ ዞን ይከፍትና፣ ፖርታል የምትል አንዲት ሪከርድ ጽፎበት፣ ፖርታሉ የተከፈተለት እንደ ሆነ ሥራው ተፈጸመ ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሰርቨሩ ግን ዞኑ በተሰጠው ሰዓት የዚያ ስም ባለ ሥልጣን እኔ ነኝ ብሎ ተቀብሏል፤ ባለ ሥልጣን የሆነ ሰርቨር ደግሞ ስለ ራሱ ዞን ከሌላ አይጠይቅም፤ ድረ ገጹ፣ የኢሜይሉ መግቢያ፣ በውጭ ዞን ውስጥ ያሉት ሌሎቹም ስሞች ሁሉ ሲጠየቁ፣ በእኔ ዘንድ ስላልተጻፉ በዓለምም የሉም ብሎ በሙሉ ድፍረት ይመልሳል። ይህ ማለት፣ በመዝሙረ ዳዊት አንድ ስሕተት ያገኘ ቁም ጸሐፊ፣ በኅዳጉ ማረሚያውን መጻፍ ሲበቃው፣ ያችን አንዲት ቃል በአዲስ ብራና ጽፎ መቶ ሃምሳውን መዝሙር እንደ መጣል ነው።

ጥፋቱ በተገለጠ ጊዜ የሚደረገው መድኃኒት ደግሞ ከበሽታው ይብሳል፤ ይኸውም የውጩን ሪከርድ ሁሉ አንድ በአንድ ወደ ውስጡ ዞን መገልበጥ ነው። ግልባጩ በዚያን ቀን ትክክል ነው፤ ከዚያ ወዲያ ግን የውጩ ሲለወጥ የሚነግረው የለም። ስሙን በማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት የጽሕፈት ቤቱ ኀላፊ ወይዘሮ፣ «ጋሼ፣ የገዛ ድረ ገጻችን በስልኬ ዳታ ይከፈታል፤ የቢሮውን ዋይፋይ ስይዝ ግን እምቢ ይለኛል፤ መስመሩ ነው ወይስ ኮምፒዩተሩ?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ሁለቱም አልነበሩም። ድረ ገጹ ወደ ሌላ ሰርቨር ከተዛወረ ሰንብቷል፤ በውስጡ ዞን ላይ ግን አሮጌው አድራሻ ተገልብጦ ነበር፤ የገለበጠውም ልጅ ሥራ ለቆ ሄዷል፤ መሥሪያ ቤቱም ስለ መስመር ብልሽት ደብዳቤ ሲጽፍ ከርሟል። ከዚያ ወዲህ «በዳታ ይሠራል፣ በቢሮ አይሠራም» የሚል አቤቱታ ስሰማ፣ ኬብል ሳልነካ በፊት የዞኖቹን ዝርዝር አስከፍታለሁ።

ትክክለኛው መንገድ እጅግ ጠባብ ዞን መክፈት ነው። የዞኑ ስም ኤግዛምፕል ዶት ኮም መሆኑ ይቀርና ሙሉው ስም፣ ፖርታል ዶት ኤግዛምፕል ዶት ኮም፣ ራሱ የዞን ስም ይሆናል፤ በውስጡም ስም የሌለው አንድ የኤ ሪከርድ፣ ይኸውም በዞኑ ራስ ላይ የሚቆመው፣ 192.168.10.5 ተብሎ ይጻፋል። ያን ጊዜ የሰርቨሩ ሥልጣን ከዚያች ስምና ከእርሷ በታች ካለው አያልፍም፤ ድረ ገጹና ኢሜይሉ እንደ ቀድሞው ከውጭ ይጠየቃሉ። ይህ በዊንዶውስ ሰርቨርም፣ ባይንድ በሚባለው የዲኤንኤስ ሰርቨርም ይሠራል። በዞኑ ራስ ላይ ግን ሲኔም፣ ይኸውም ስምን ወደ ሌላ ስም የሚያዞረውን ሪከርድ፣ ማድረግ አይቻልም፤ ሲኔም ከሌላ ሪከርድ ጋራ አንድ ስም አይጋራምና፣ የዞን ራስ ደግሞ ኤስኦኤ እና ኤንኤስ የሚባሉትን ሳይዝ አይቆምም።

ከሁሉ ይልቅ እኔ የምወድደው፣ የሆላንዱ ኤንኤልኔት ላብስ የሚያዘጋጀው አንባውንድ የሚባለው ሰርቨር ነው፤ ምክንያቱም ማረሚያውን ዞን ሳያስከፍት «ሎካል-ዳታ» በምትባል በአንዲት መስመር ይቀበላል። ሌላ ካልታዘዘ የሚከተለው «ትራንስፓረንት» የሚባለውን ጠባይ ነው፤ ያልተጻፈ ስም ሲጠየቅ ወደ ውጭ ያስተላልፋል፤ የተጻፈ ስም ሲጠየቅ ከተጻፈው ይመልሳል። ልብ ማለት የሚያስፈልገው ስሙ ተጽፎ የተጠየቀው የሪከርድ ዐይነት ሳይጻፍ ሲቀር ነው፤ ያን ጊዜ አንባውንድ «ስሙ አለ፤ እንዲህ ያለ ሪከርድ ግን የለውም» ይላል እንጂ ወደ ውጭ አይጠይቅም። ለፖርታሉ ይህ መልካም ነው፤ ኮምፒዩተሩ የአይፒቪ6 አድራሻ ሲጠይቅ የለም ይባልና በተጻፈለት የውስጥ አድራሻ ይሄዳል። «ታይፕትራንስፓረንት» የሚባለው ግን ያልተጻፈውን ዐይነት ከውጭ ጠይቆ ስለሚያመጣ፣ የውጩ ስም የአይፒቪ6 አድራሻ ያለው እንደ ሆነ፣ አይፒቪ6 ያለው ኮምፒዩተር እርሱን አስቀድሞ በውጭ ዞሮ ይሄዳል፤ የሌለው በውስጥ ይሄዳል፤ ባለሙያውም ለአንዱ የሚሠራው ለሌላው የማይሠራበት ምክንያት ጠፍቶት ይውላል።

ይህ ማለት ትራንስፓረንት ሁልጊዜ ይበልጣል ማለት አይደለም። የሚታረመው ፖርታል መሆኑ ቀርቶ ራሱ ኤግዛምፕል ዶት ኮም ቢሆን፣ በዚያው ስም ላይ የኢሜይሉን ሰርቨር የሚያመለክተው ኤምኤክስ ሪከርድ በውጭ ተጽፏል፤ በውስጥ የኤ ሪከርድ ብቻ ከተጻፈ ግን ኤምኤክሱ ለውስጥ ጠያቂ የለም ይባላል። የኢሜይል ሥርዓት ደግሞ ኤምኤክስ የሌለው ስም ሲያጋጥመው ደብዳቤውን ወደ ስሙ አድራሻ እንዲወስድ ያዝዛል፤ ስለዚህ የኢሜይል ሰርቨሩ በግቢው ውስጥ የሆነ መሥሪያ ቤት ወደዚያ ስም የሚልከው ደብዳቤ ወደ ድረ ገጹ ሰርቨር ሄዶ ተቀባይ ያጣል። እንግዲህ ለእንዲህ ያለው ስም ታይፕትራንስፓረንትን መምረጥ ወይም ኤምኤክሱንም አብሮ መጻፍ ይገባል። «ስታቲክ» የሚባለውን ጠባይ በመላው ኤግዛምፕል ዶት ኮም ላይ ማድረግ ግን ከላይ የነቀፍኩትን ስሕተት በሌላ በር ማስገባት ነው።

በቤት ራውተር፣ ይልቁንም ኦፕንደብልዩአርቲ በተጫነበት፣ የሚገኘው የሳይመን ኬሊ ሥራ የሆነው ዲኤንኤስማስክ ነው። በእርሱ ዘንድ «ሆስት-ሪከርድ» ተብሎ የተጻፈ ያንኑ ስም ብቻ ይይዛል፤ «አድሬስ» ተብሎ የተጻፈ ግን ከስሙ በታች ያለውን ሁሉ ይጠቀልላል፤ ሰዎች ሁለተኛውን የሚመርጡት አጭር ስለ ሆነ ብቻ መሆኑ ያሳዝነኛል። ባይንድ ደግሞ አርፒዜድ የሚባል ዘዴ አለው፤ የልዩ ልዩ ዶሜይኖችን ማረሚያ በአንድ ዞን ሰብስቦ ይይዛል፤ ማረሚያው ብዙ ለሆነበት ትልቅ መሥሪያ ቤት ከእርሱ የሚሻል አላውቅም።

አንድ ተግሣጽ ሳልናገር አላልፍም። ማረሚያውን በውስጥ ሰርቨር ላይ በጥንቃቄ ጽፈው ሲያበቁ፣ ምናልባት ይህ ቢወድቅ በማለት ለኮምፒዩተሮቹ ሁለተኛ ዲኤንኤስ የውጩን 8.8.8.8 የሚሰጡ አሉ። ኮምፒዩተር ሁለተኛውን የሚጠይቀው ፊተኛው ሲሞት ብቻ ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን ፊተኛው ጥቂት ሲዘገይ ወደ ሁለተኛው የሚሻገር፣ ወይም እንደ ወደደ የሚያፈራርቅ ብዙ ነው፤ ስለዚህ ፖርታሉ ጧት ይከፈታል፤ ከሰዓት አይከፈትም። ሁለተኛ ሰርቨር ያስፈለገ እንደ ሆነ ያው ማረሚያ የተጻፈበት ሌላ የውስጥ ሰርቨር ይሁን። የመልሱንም ዕድሜ ማሳጠር ይበጃል፤ የአንባውንድ ልማድ 3600 ሴኮንድ ነው፤ ላፕቶፑን ይዞ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሠራተኛ ካለ 300 ይበቃዋል፤ አለዚያ ቤቱ ደርሶ 192.168.10.5ን በገዛ ሳሎኑ ይፈልጋል።

የኦቨርራይድ ሥልጣንም ወሰን አለው። የሌላን ሰው ድረ ገጽ ስም ወደ ገዛ ሰርቨር ቢያዞሩት፣ ብራውዘሩ የምስክር ወረቀቱ ከስሙ ጋራ እንደማይስማማ አይቶ ያስጠነቅቃል፤ ይህም ሊሆን የሚገባው ነው። ስሙ በዲኤንኤስሴክ የተፈረመ ሲሆን፣ ፊርማውን ራሱ የሚመረምር ኮምፒዩተር የተለወጠውን መልስ አይቀበልም። ጥያቄውን በኤችቲቲፒኤስ ሸፍኖ በቀጥታ ወደ ውጭ የሚልክ ብራውዘር ደግሞ የውስጡን ሰርቨር ጭራሽ አይጠይቅም። ለዚህ ለመጨረሻው የፋየርፎክስ ሰዎች ዩዝ-አፕሊኬሽን-ዲኤንኤስ ዶት ኔት የሚባል ስም ለይተዋል፤ የውስጡ ሰርቨር ይህን ስም የለም ብሎ ከመለሰ፣ ፋየርፎክስ በራሱ ያበራውን የተሸፈነ መንገድ ይተዋል። ተጠቃሚው በገዛ እጁ መርጦ ያበራው እንደ ሆነ ግን ምልክቱን አይቀበልም፤ ያን ጊዜ ሰርቨሩን መነካካት ትቶ ወደ ሰውየው ጠረጴዛ መሄድ ነው።