እንፋሎት የተሸከመው መዳብ

ታኅሣሥ 25 ቀን 2017 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ዶፈን ላይ መሬት ተከፍቶ እንፋሎት ሲወረወር የሚያሳየው ቪዲዮ በየስልካችን ሲዞር፣ እዚህ ኮዬ ፈጬ ብሎካችን ደረጃ ላይ ያገኘኋቸው አንድ አባት «ልጄ፣ ይሄ ውሃ ብቻ ነው ወይስ ሌላም ነገር ይዞ ነው የሚወጣው?» አሉኝ። በዚያ ሰሞን በመሬት መንቀጥቀጡ ፎቁ ሲወዛወዝ እንቅልፍ ያጣ ሁሉ የሚጠይቀኝ «ይፈነዳል ወይ?» ብሎ ነበር። የእሳቸው ጥያቄ ደስ አለኝ። ደረጃ ላይ የሚያልቅ ነገር ስላልነበረ እዚህ ቻናል ላይ ልጽፈው ቃል ገባሁ።

አዎ፣ የእሳተ ገሞራ እንፋሎት ሌላም ነገር ይዞ ይወጣል። ጊገንባክና ለጌርን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1976 በአፋር ስላለው የኤርታሌ እሳተ ገሞራ ጋዝ ባሳተሙት ጥናት መሠረት፣ ከ1,100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ከሚግለው አፍ ከተቀዳው ጋዝ ሦስት አራተኛ ያህሉ የውሃ እንፋሎት ነው፤ ከቀረውም አብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ዘሌንስኪና ባልደረቦቹ፣ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ደረጀ አያሌው ጋር ሆነው፣ በዚያው ጋዝ ውስጥ በጥቂት በጥቂቱ የሚጓዙትን ንጥረ ነገሮች ለይተው ጽፈዋል። ብረታ ብረት አብሮ ይወጣል ማለት ነው።

መዳብ እንዴት ይበራል? ንጹሕ መዳብ የሚፈላው 2,562 ዲግሪ ላይ ነው፤ የትኛውም የቀለጠ አለት እዚያ አይደርስም። መዳቡ ግን ከማግማው ከሚወጣው ክሎሪን ጋር ሲጣመር በጣም ባነሰ ሙቀት ጋዝ ይሆናል። ጋዙ ወደ ላይ ሲወጣና ሲቀዘቅዝ መሸከሙ ያቅተዋል፤ የጭስ ቤት ጣሪያ ጥቀርሻ እንደሚይዘው የጋዝ መውጫው ግድግዳም የተሸከመውን ይይዛል። ልዩነቱ፣ እዚህ የሚቀረው በሥርዓት የተደረደረ ክሪስታል መሆኑ ነው።

ከእነዚህ ክሪስታሎች ልቤን የወሰደው ፊንገራይት ነው። የተገኘው ኤል ሳልቫዶር ውስጥ በኢሳልኮ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1770 ጀምሮ ለሁለት መቶ ዓመት ያህል ሲነድ የኖረና የፓስፊክ መርከበኞች ሌሊት እያዩ አቅጣጫ ይይዙበት የነበረ ተራራ። እ.ኤ.አ. በ1985 ሲገለጽ ስሙ ለክሪስታል ተመራማሪው ላሪ ፊንገር መታሰቢያ ተሰጠ። ጥቁር ነው፣ እንደ ብረት ያብለጨልጫል፣ ያለ ማይክሮስኮፕ ግን ቅርጹ አይለይም። በውስጡ ለ11 የመዳብ አተሞች 6 የቫናዲየምና 26 የኦክስጅን አተሞች አሉ። በክብደት ስናሰላው ግማሽ ያህሉ መዳብ፣ አንድ አምስተኛ ያህሉ ቫናዲየም ነው። ስቶይበራይትና ዚዛይት የሚባሉ የመዳብና የቫናዲየም ዘመዶቹም መጀመሪያ የታወቁት ከዚያው ተራራ ነው።

ቁልፉ ያለው ኦክስጅኑ ላይ ነው። ከጥልቁ የሚመጣው ጋዝ ነፃ ኦክስጅን የለውም ማለት ይቻላል። ቫናዲየም ይህን ማዕድን ለመሥራት አምስት ኤሌክትሮን መልቀቅ አለበት፤ እንዲህ የሚያራቁተው ደግሞ በስንጥቁ ሾልኮ የሚገባው እኛ የምንተነፍሰው አየር ነው። ፊንገራይት የሚወለደው እንግዲህ የምድር ሆድ እስትንፋስና የላዩ አየር በሚገናኙባት ጠባብ ቦታ ነው። ትንሽ ወደ ውስጥ ቢሆን ኦክስጅን ያንሳል፤ ትንሽ ወደ ውጭ ቢሆን ሙቀቱ ይወርዳል፣ ሌሎች ጨዎችም ቦታውን ይይዙታል። ለብርቅነቱ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አላውቅም።

አምስት ኤሌክትሮን የለቀቀ ቫናዲየም ማግኔትነት የለውም። መዳቡ ግን አንድ አጋር ያጣ ኤሌክትሮን ስላለው እያንዳንዱ የመዳብ አተም ኢምንት ማግኔት ነው። በሩሲያ ካምቻትካ፣ ቶልባቺክ ከተባለው እሳተ ገሞራ የተገኘው ሌላው የመዳብና የቫናዲየም ማዕድን፣ አቬሪየቫይት፣ መዳቦቹን በሦስት ማዕዘን በሦስት ማዕዘን ደርድሯቸዋል። ጎረቤታሞች በተቃራኒ አቅጣጫ መቆም ይፈልጋሉ። ሁለቱ ከተስማሙ በኋላ ሦስተኛው ከአንዱ ጋር መጣላቱ አይቀርም። እንዲህ ያለው ሥርዓት እጅግ ሲቀዘቅዝ እንኳ ላይረጋ ይችላል ብለው የፊዚክስ ሰዎች አቬሪየቫይትን በቤተ ሙከራ እየሠሩ ይመረምሩታል። ከተራራ ጭስ የተገኘ ቅንጣት ለኳንተም ፊዚክስ ጥያቄ ማቅረቡ ሁሌ ይደንቀኛል።

ወደ ሰፈራችን ልመለስ። ገልባጭ መኪና ለመንገድና ለመሙያ የሚያራግፈው ቀይ አሽ፣ ከአቃቂ እስከ ቢሾፍቱ ካሉት የጥንት እሳተ ገሞራ ኮረብታዎች የሚቆፈር ነው። ቅላቱ የመጣው አለቱ ገና ትኩስ ሳለ ውስጡ ያለውን ብረት አየርና እንፋሎት ስላገኙት ነው። ያው የጋዝና የአየር ግንኙነት ማለት ነው፤ በብረት ላይ ሲሆን እንዲህ ቀልቶ ይቀራል። ከጋዝ የሚቀመጡት ጨዎች ግን ብዙዎቹ ውሃ አይችሉም፤ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ በሚወርድበት በእኛ አካባቢ ከጥንት ኮረብታ ላይ ይገኛሉ ብሎ መመኘት አይቻልም።

ኤርታሌ አካባቢ ዓመታዊው ዝናብ ከ200 ሚሊ ሜትር አይሞላም። ከጋዝ የተቀመጠ ነገር ሳይታጠብ የመቆየት ዕድል ካለው በአገራችን እንደዚያ ያለ ቦታ የለም። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. የኤርታሌ ጎረቤት የሆነው ሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አመዱ ቀይ ባሕርን ሲሻገር ዓለም ሁሉ ያወራው ስለ አውሮፕላን በረራ ነበር። ተገቢም ነው፣ አመድ ሞተር ያጠፋል። እኔ ግን ስለ ተራራው አፍ የሚያወራ ሰው ፈለግሁ።

ስለዚህ በሙያው ላላችሁ፣ በተለይም ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ለምትፈልጉ የጂኦሎጂ ተማሪዎች፦ ቦታው ተረጋግቶ ፈቃድ ሲገኝ፣ የጋዝ ጭንብል ይዛችሁ ከባለሙያ ጋር ሂዱ። በጋዝ መውጫው ላይ የተቀመጠውን ቅርፊት ከማንሳታችሁ በፊት የመውጫውን ሙቀት ለኩና ጻፉ፤ ሙቀቱ ያልተጻፈለት ናሙና ግማሽ ታሪኩን ያጣል። ከዚያ እርጥበት በማያስገባ ዕቃ አሽጉት፣ በውሃ አታጥቡት፣ ጥቁሯን ቅንጣት ደግሞ ቆሻሻ ናት ብላችሁ አትጣሏት።